ማርሚታ ቀየርክ? ጄት ከመግዛትህ በፊት ካርቡሬተሩን እንዲህ አስተካክል

ሞተር ሳይክልህ ላይ አዲስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አስገጥመሃል። ድምፁ አምሮልሃል፣ ጎረቤትህ ግን አልወደደውም። ሞተሩም አልወደደውም። ጠዋት ቶሎ አይነሳም፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቅ (እጀታውን ስትመልስ) ከኋላ ጧ ጧ እያለ ይተኩሳል፣ መሃል ላይ ስትጨምርለት ደግሞ ለአፍታ ያዝ አድርጎህ ነው የሚሄደው። መካኒክ ስትጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ጄቱን በትልቅ ቀይረው።» ጄት ማለት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን ናት። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ህንዶችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

እኔ ጎጃም ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህን ምክር መጀመሪያ ላይ አልሰጥም። ትልቅ ጄት የመጨረሻው እርምጃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አያስፈልግም። ምክንያቱ የምንኖርበት ከፍታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተር አየር አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ መሳብ ይፈጥራል፣ ያ መሳብ ደግሞ ቤንዚኑን ከታች ካለው ኩባያ በጄቱ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ያወጣዋል። በቃ፣ ሥራው ይሄ ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በክብደት 1 ለ14.7 ያህል አየር ይፈልጋል። ጉልበት ሲጠየቅ ሞተሩ ከዚያ ትንሽ ቤንዚን የጨመረ ድብልቅ ይወዳል።

ልቅ ማርሚታ ስትገጥም የተቃጠለው ጭስ በቀላሉ ይወጣል፣ አዲስ አየርም በቀላሉ ይገባል። ካርቡሬተሩ አየር ሲጨምር ቤንዚንም ይጨምራል፣ ግን በሁሉም ፍጥነት ላይ እኩል አይደለም። በዚያ ላይ ብዙ ሞተሮች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ጭስ ለመቀነስ ተብሎ ቤንዚናቸው ቆጠብ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ማርሚታ ሲቀየር ቤንዚን ያንሰዋል። እስከዚህ ህንዶቹ ልክ ናቸው።

አሁን ከፍታውን አስገባበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሲሰላ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 12 በመቶ፣ 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 9 በመቶ ቤንዚን ያበዛል። እንጅባራ ከማርቆስም ትንሽ ትበልጣለች። ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣውማ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማርሚታው ቤንዚን ያሳንሳል፣ ተራራው ያበዛል። ሁለቱ በተቃራኒ እየጎተቱ ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። አንተ ሄደህ ትልቅ ጄት ስትጨምርበት ሚዛኑን ታፈርሰዋለህ። ከዚያ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ይበላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የቤንዚን ወረፋ ደግሞ ታውቀዋለህ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ካርቡሬተር ላለው ሞተር ብቻ ነው፣ ቦክሰርም ሆነ አፓች ወይም ሊፋን። ኢንጀክሽን (ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጭ) ከሆነ እዚህ ላይ አቁም፣ የሱ ነገር በካቻቢቴ አይፈታም።

ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊትም ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከት። እዚያ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው ቀለበት) አንዴ ተጨፍልቋል። አዲሱን ማርሚታ በድሮው ጓርኒሲዮን ከገጠምከው በደንብ አይታሸግም። ነዳጅ ስትለቅ ከውጭ አየር ይስባል፣ ያ አየር ማርሚታው ውስጥ ካለው ያልተቃጠለ ቤንዚን ጋር ይገናኝና ይተኩሳል። ሰው ይሄን ሰምቶ ካርቡሬተር ይፈታል! መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሳው፣ በወፍራም ጨርቅ የማርሚታውን መውጫ ለጥቂት ሰከንድ ድፈነው። በደንብ የታሸገ ከሆነ ሞተሩ ይታፈንና ሊጠፋ ይታገላል። ከመገጣጠሚያው ፍስስ የሚል ድምፅ ከሰማህ ወይም ዙሪያውን የጥላሸት መስመር ካየህ ችግሩ እዚያ ነው። ጓርኒሲዮኑን ቀይር፣ ዳዶዎቹን ሁለቱንም ጎን እኩል እያፈራረቅህ አጥብቅ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው። በበጋ በገጠሩ ጥርጊያ መንገድ የሚነዳ ሰው ማጣሪያ በአቧራ ይደፈናል። የተደፈነ ማጣሪያ አየር ስለሚያሳንስ ቤንዚን የበዛ ያስመስላል። በተደፈነ ማጣሪያ ካስተካከልክ በኋላ ማጣሪያውን ስታጸዳው ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ትንሽ ዘይት አስነክተህ ጨምቀህ መልሰው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይራገፋል ወይም ይቀየራል። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት፣ ሳጥኑን መብሳት የሚባለውን ነገር ደግሞ እርሳው። እኛ አገር አቧራ ፒስተንና ሲሊንደር ይፈጃል።

በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል ያለችው የጎማ መገናኛም ትሰነጠቃለች። ሞተሩ እየሠራ ውሃ ርጨት አድርግባት፣ ድምፁ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ካንዴላውን ደግሞ በአዲስና በትክክለኛው ዓይነት ቀይር፣ ምክንያቱም የኋላ ኋላ የምታነበው እሱን ነው፣ አሮጌው ደግሞ የድሮ ታሪኩን ነው የሚነግርህ። ቤንዚኑን ከማደያ ቅዳ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ላምባ ወይም ውሃ ባለበት ቤንዚን ካርቡሬተር ማስተካከል ልፋት ብቻ ነው።

አሁን ሞተሩ የሚልህን አዳምጥ። ቤንዚን ሲያንሰው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ቾክ (ለማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛውን) ይዞ ይቆያል፣ ነዳጅ ድንገት ስትሰጠው ያዝ ያደርጋል፣ ነዳጅ ስትለቅ ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ አንዳንዴም በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል። ሙቀቱም ይጨምራል። ቤንዚን ሲበዛበት ደግሞ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሲሞቅ ይብስበታል፣ ጠዋት ላይ ግን ያለ ቾክ ይነሳል። ሲሞቅ የሚሻለው ቤንዚን ያነሰው ነው፣ ሲሞቅ የሚብስበት ቤንዚን የበዛበት ነው። ይህችን ያዝ።

ከዚያ ችግሩ የነዳጅ መስጫው የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ለይ። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍ፣ አጠገቡ በማይዞረው አካል ላይ አንድ መስመር አድርግ፣ ፕላስተሩ ላይ ደግሞ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እና ሙሉ ብለህ ምልክት አስፍር። ከዚህ በኋላ «መሃል ላይ ይይዘኛል» አትልም፣ «ግማሽ ላይ ይይዘኛል» ትላለህ። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው፣ ምክንያቱም ካርቡሬተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኃላፊ አለው። ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው በራሱ ከሚዞርበት) እስከ ሩብ ትንሿ ጄትና የካርቡሬተሩ ጎን ላይ ያለችው ብሎን ያዙታል። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ነዳጅ ስትሰጥ ከፍ የሚለው መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት። ድንበራቸው እንደ አጥር አይደለም፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ትንሽ ይገባል።

ከብሎኗ ጀምር። ነጻ ናት፣ ምንም አትገዛም። በመጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነች እወቅ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሎኗ ያለችው በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የአየር ብሎን ናት፣ ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ቤንዚን ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነች የድብልቅ ብሎን ናት፣ ወደ ውጭ ስትፈታት ቤንዚን ይበዛል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው! ጓደኛህ «ግማሽ ዙር ፍታው፣ የኔ ተስተካክሏል» ቢልህ የሱ ሞተርና ያንተ አንድ ዓይነት መሆኑን ጠይቅ።

ሞተሩን አሙቀው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ተመለስ። አሁን አጥፋው። ብሎኗን ቀስ ብለህ እስክትነካ ድረስ ወደ ውስጥ አጥብቅ፣ ስንት ዙር እንደነበረች ቁጠርና ጻፍ። አታስጨንቃት፣ ጫፏ ሹል ስለሆነ መቀመጫዋን ታበላሻለች። ከዚያ አንድ ተኩል ዙር ፍታትና አስነሳ። የሚኒሞውን ብሎን ትንሽ ከፍ አድርገህ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲሠራ አድርግ። አሁን ያችኑ የቤንዚን ማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያደረግህ አዙር፣ በያንዳንዱ መሃል ጥቂት ጠብቅ፣ ወዲያው አይመልስም። ዙሩ ከፍ ብሎ፣ ድምፁም ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ትፈልጋለህ። ካለፈ ይወርዳል ወይም ይንገዳገዳል። ጥሩውን ቦታ ስታገኝ ወደ ቤንዚን በዛ ወዳለበት በኩል ስምንተኛ ዙር ያህል ጨምርላት፣ ከዚያ ሚኒሞውን መልሰህ አውርድ። ለነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ሚኒሞ 1,400 ዙር በደቂቃ አካባቢ ነው። የዙር መቁጠሪያ ከሌለህ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይጮህ በእርጋታ የሚሠራበት ቦታ ይበቃሃል።

ጥሩው ቦታ ከአንድ ዙር በታች ወይም ከሦስት ዙር በላይ ላይ ከወጣ ትንሿ ጄት ራሷ ልክ አይደለችም። የድብልቅ ብሎን ሆና ከሦስት ዙር በላይ ካስፈለጋት ትንሿን ጄት ቀዳዳዋ አንድ ደረጃ በሰፋ መቀየር ያስፈልጋል። የአየር ብሎን ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል። ግን ከመግዛትህ በፊት ትንሿን ጄት አውጥተህ ወደ ብርሃን አንሳትና ተመልከት። ብዙ ጊዜ የተደፈነች ሆና ነው የምትገኘው። በሽቦ አትጎርጉራት፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በካርቡሬተር ማጽጃ ወይም በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፈህ በጎሚስታ አየር ንፋት።

ቁልቁለት ላይ የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ያበቃል። ማርሚታው ከታሸገ፣ ብሎኗም ከተስተካከለች ትንሽ ጧ ጧ ቢቀር አይግረምህ፣ ልቅ ማርሚታ ጠባዩ ነው።

አሁን መርፌው። ነዳጅ ስትሰጥ ሽቦው በቀጥታ የሚጎትተው ካርቡሬተር ከሆነ የላይኛውን ክዳን ስትከፍት ስላይዱ (ከፍ ዝቅ የሚለው የነዳጅ በር) ከነመርፌው ይወጣል። ላስቲክ መጋረጃ ያለው ዓይነት ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ላስቲኩን አትቅደድ፣ ቤንዚን ውስጥም አትዘፍዝፈው። መርፌው አናቱ ላይ ትንንሽ ቀለበታማ ቦይ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው፣ አንዷ ላይ ቅንጥብ ተሰክቷል። ቅንጥቧን ወደ ታች ስታወርዳት መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይበዛል። ወደ ላይ ስታወጣት ያንሳል። ግማሽ ነዳጅ ላይ ያዝ የሚያደርግህ ከሆነ አንዷን ቦይ ብቻ ቀይርና ነድተህ ፈትሽ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አትቀይር፣ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። አንዳንዱ መርፌ ደግሞ አንዲት ቦይ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀጭን ሮንዴላ ከቅንጥቧ ስር ማስገባት ይበቃል፣ ግማሽ ቦይ እንደማንሳት ነው።

የቾክ ፈተና የሚባል ነገርም አለ። መካከለኛ ነዳጅ ላይ እየነዳህ ቾኩን በትንሹ ሳብ አድርግ። ከተሻለው ቤንዚን ያንሰው ነበር። ከባሰበት ያለው ይበቃዋል ወይም በዝቶበታል።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሳንቲም አላወጣህም፣ ከጓርኒሲዮንና ከካንዴላ በስተቀር። በኛ ከፍታ ብዙ ሞተር እዚህ ላይ ይረጋል። አሁን ብቻ ነው ትልቁ ጄት የሚጠየቀው።

ፈተናው በሙሉ ነዳጅ ነው፣ ስለዚህ ቦታ ምረጥ። ሜዳ ላይ ከመብረር ዳገት ላይ በ3ኛ ማርሽ መውጣት ይሻላል፣ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ያገኛል፣ አንተ ግን ብዙ አትፈጥንም። ከብትና አህያ በሌለበት ሰዓት ይሁን። እንጅባራ አካባቢ ከሆንክ ደግሞ ፈረስ ስታይ ነዳጅ ልቀቅ፣ የማርሚታህ ድምፅ ፈረስ አይወድም፣ ባለቤቱም አይወድም። ሙሉ ነዳጅ ከፍተህ ጥቂት ከሄድክ በኋላ እጀታውን ትንሽ ብቻ መለስ አድርግ። ሞተሩ ድንገት ፈጠን ካለ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ትልቅ ጄት ይፈልጋል። ከተንገዳገደና ከተደናበረ በዝቶበታል። ቀስ ብሎ ፍጥነቱን ከቀነሰ ልክ ነው፣ ተወው።

ለማረጋገጥ ካንዴላውን አንብብ። በሙሉ ነዳጅ እየወጣህ ሳለ ፍሪሲዮን ይዘህ ሞተሩን በአንዴ አጥፋ፣ በሚኒሞ እንዲቆይ አታድርግ፣ ዳር ይዘህ ቁም። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍታ። ቡናማ ከሆነ ደግ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ከተላጠ አደጋ ነው፣ በዚህ ሁኔታ ረጅም ዳገት አትውጣ፣ ፒስተን ይበሳል። እርጥብና ቅባታማ ጥቁር ከሆነ ደግሞ የካርቡሬተር ጉዳይ አይደለም፣ ዘይት ነው፣ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቶቹን) አስፈትሽ።

ጄት ስትገዛ ቁጥሩን ከድሮው ላይ አንብበህ አንድ ደረጃ ብቻ ሂድ። 100 ከነበረ 102 ወይም 105፣ ካለው ላይ ቀጣዩን። የአንዱ ኩባንያ 100 ከሌላው 100 ጋር እኩል አይደለም፣ ስለዚህ የኬይሂን ካርቡሬተር ከሆነ የኬይሂን፣ የሚኩኒ ከሆነ የሚኩኒ ጄት ግዛ። ጄት በመሰርሰሪያ የሚያሰፉ ሰዎች አሉ። አታስነካቸው። ትልቁ ጄት ከተቀየረ በኋላ መርፌውን እንደገና ፈትሽ፣ ትንሽ ይነካዋል።

አንድ ነገር ግን የዓባይን በረሃ ለሚሻገር ሰው ለብቻው ልንገረው። ደጀን ላይ አሳምረህ ያስተካከልከው ሞተር ወንዙ ጋ ስትደርስ ያው አይሆንም። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ታች አየሩ ይወፍራል። ሙቀቱ መልሶ ትንሽ ያሳሳዋል፣ ቢሆንም በጥቅሉ ቤንዚኑ በ5 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ይህም የአንድ ደረጃ ጄት ልዩነት ማለት ነው። መጥፎው ነገር ከድልድዩ በኋላ በየትኛውም ወገን የሚጠብቅህ ረጅም ዳገት መሆኑ ነው፣ ያውም በሙቀት፣ ያውም አንዳንዴ ሰው ከኋላ ጭነህ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር የሚቃጠለው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ ያንን መንገድ የምትመላለስ ከሆነ ደጀን ላይ ጥርት ያለውን ቦታ አትፈልግ፣ ትንሽ ቤንዚን የበዛበት ተወው። ካንዴላው ከቡናማው ጠቆር ይበል። ታች ሲወርድ ራሱ ልክ ይሆናል። ዳገቱንም አንድ ማርሽ ቀንሰህ ውጣው፣ ሙሉ ነዳጅ ላይ ተጭነህ አትቆይ።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ካለህ፣ እነ አሮጌው ዲቲ 125ና ኤጂ 100፣ ይሄ እጥፍ ይሠራል። ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ ቀላቅለህ የምትነዳ ከሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትም የሚለሰልስበትም አብሮ ይሳሳል። በነሱ ላይ ሁልጊዜ ቤንዚን ወደ በዛበት በኩል አድላ።

የድሮውን ጄት አትጣል። በትንሽ ላስቲክ ከነቁጥሩ ጠቅልለህ ከመቀመጫው ስር አስቀምጥ። ወረቀት ላይም ብሎኗ ስንት ዙር፣ ቅንጥቧ ስንተኛው ቦይ፣ ጄቱ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጻፍና አብረህ አኑር፣ ሌላ መካኒክ ከነካካው መመለሻ ይኖርሃል። የማርሚታውን ዳዶዎች ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጥብቃቸው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ሙቀት ሲያገኝ ስለሚጨመቅ ይላላሉ።